መብራት ሲመጣ የትኛው በርቷል? የአንድ ሳሎን የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ጋሼ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠው የማታ 2 ሰዓት ዜና እያዩ ነበር። ምስል አለ፤ ድምፅ የለም። ወደ ፊት ዘንበል ብለው የዜና አንባቢዋን ከንፈር ይከታተላሉ።

«ጋሼ፣ ድምፁ እኮ የለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ልጅቷ እያጠናች ነው፤ ላስነሳት አልፈለግሁም።»

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጆሯቸው ደከም ብሏል። ልጃቸው ከአሜሪካ አምፕሊፋየርና አምስት ስፒከር ያመጣላቸው ንግግሩ ጥርት ብሎ እንዲሰማቸው ብሎ ነው። ዕቃው ሁሉ በቦታው ተደርድሯል። ሳሎኑ ግን ጸጥ ብሏል።

የእኔ ሥራ ኔትወርክና ኤሌክትሮኒክስ ነው። በዚያ ምሽት አምፕሊፋየሩን በእጄ አብርቼላቸው ሄድኩ። በማግስቱ ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሁሉ እዚህ የምጽፈው ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ቤቶች ስለማውቅ ነው። አብዛኞቹ «ዕቃው ተበላሽቷል» ብለው ትተውታል። ብዙ ጊዜ ዕቃው አልተበላሸም። የሰዎቹን ስምና የዕቃዎቹን ማርካ አልጠቅስም።

ቤቱና ዕቃዎቹ

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ጋሼ፣ ባለቤታቸው እትዬና 9ኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው ይኖሩበታል።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ዕቃዎች አሉ። አንደኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ነው። ሁለተኛው የዲሽ ሪሲቨር ነው፤ ርካሽ ከሚባሉት። ሦስተኛው አምፕሊፋየሩ ነው። እሱ የተሠራው ለአሜሪካ መብራት፣ ለ120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ስለሆነ በስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር በኩል ይሰካል። ይህን ትራንስፎርመር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ተገናኝቷል። ድምፁ ከቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። ልጃቸው ድምፁ እንዳይደራረብ ብሎ የቴሌቪዥኑን የራሱን ስፒከር ዘግቶታል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ካልበራ ቤቱ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም።

ልጃቸው አንድ ዩኒቨርሳል ሪሞትም ትቶላቸዋል። «ቲቪ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቁልፍ ሦስቱንም ያበራል። «አጥፋ» የሚለው ሦስቱንም ያጠፋል። የዕቃዎቹ የራሳቸው ሦስት ሪሞቶች መሳቢያ ውስጥ ናቸው። እሱ ወደ አሜሪካ በተመለሰበት ሳምንት ሁሉም ነገር ልክ ነበር።

ችግሩ

ከዚያ በኋላ ነገሩ መወዛገብ ጀመረ። «ቲቪ» ሲጫን ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል። ሌላ ቀን ሁለቱ ይበራሉ፣ አምፕሊፋየሩ ዝም ይላል። ማታ «አጥፋ» ተጭኖ ሁሉም ይተኛል። ከዚያ ሌሊት ሪሲቨሩ ጨለማ ውስጥ ሲያበራ ይታያል።

እትዬ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲፈልግ ነው የሚሠራው።»

መፍትሔ ብለው የያዙት ደግሞ ነገሩን የሚያባብስ ነበር። ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑታል። አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ጋሼ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው በምስሉ ብቻ ይረካሉ። የልጅ ልጃቸው ስትመጣ ወንበር ላይ ቆማ በእጇ ታስተካክለዋለች።

ሪሞቱ የሚያውቀውና የማያውቀው

የኢንፍራሬድ ሪሞት ይናገራል እንጂ አይሰማም። ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ለዓይን በማይታይ ብርሃን ብልጭ ድርግም ትላለች። በጣም በተለመደው አሠራር ብርሃኑ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ይርገበገባል። መጀመሪያ 9 ሺኛ ሰከንድ የሚረዝም ብልጭታ ይወጣል፤ ከዚያ 4.5 ሺኛ ሰከንድ ዝምታ፤ ቀጥሎ 32 ቢት፣ ማለትም የዜሮና የአንድ ምልክቶች። አለቀ። ዕቃው ይስማው አይስማው ሪሞቱ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ታዲያ ዩኒቨርሳል ሪሞት ቴሌቪዥኑ መብራቱን በምን ያውቃል? አያውቅም፤ ያስታውሳል። «አብራ» ብዬ ልኬ ነበር፣ ስለዚህ በርቷል ብሎ ይመዘግባል። የላከው ሳይደርስ ቢቀር መዝገቡ ስህተት ይሆናል። ሰው በሌላ ሪሞት ቢያጠፋውም ስህተት ይሆናል። መብራት ቢሄድም እንዲሁ።

ሁለተኛው ጣጣ የትእዛዙ ዓይነት ነው። የአብዛኛው ዕቃ ሪሞት ላይ ያለው ቀይ ቁልፍ «ብራ» አይልም፤ «ተገልበጥ» ነው የሚለው። የበራው ይጠፋል፣ የጠፋው ይበራል። ይህን እዚህ ገልባጭ ትእዛዝ እለዋለሁ። ሰው በዓይኑ እያየ ሲጫነው ችግር የለውም። በማስታወስ ብቻ ለሚሠራ ሪሞት ግን አንድ ስህተት ቀጣዮቹን ሁሉ ይገለብጣቸዋል። በዚህ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ደብተሩ

ምንም ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የልጅ ልጃቸውን አንድ ነገር ለመንኳት። በደብተር ላይ ሦስት መስመር እንድትይዝልኝ፦ ሰዓቱን፣ የትኛው ዕቃ እንደተሳሳተ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ እየለየች ያዘችልኝ። እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ከባለሙያም አላገኘሁም።

በ16 ቀን 19 ስህተት ተጽፏል። ዘጠኙ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ስድስቱ ሰው መሳቢያ ውስጥ ካሉት ሪሞቶች አንዱን ሲጠቀም ነው። አራቱ ላይ «ምንም አልነበረም» ብላ ጽፋለች።

እነዚያ አራቱ አስጨነቁኝ። አንድ ማታ ከእትዬ ጎን ተቀምጬ የስልኬን ካሜራ ወደ ሪሞቱ አዞርኩ። የብዙ ስልኮች ካሜራ ኢንፍራሬድን እንደ ሐምራዊ ብርሃን ያሳያል። እትዬ «ቲቪ»ን ተጫኑ። ሐምራዊው ብልጭታ ጀመረ። እሳቸው ወዲያው ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ነጠላቸው ሸፈነው። ብልጭታው ግን አላለቀም ነበር። ሪሞቱ ሦስቱን ዕቃዎች በተራ ነው የሚያናግረው፤ በመሃል እረፍት አለው። ሦስተኛው የአምፕሊፋየሩ ትእዛዝ ነው። እሱ ነጠላው ሥር ወጣ።

ጋሼ ከንፈር የሚያነቡት ለዚህ ነበር። እትዬ ምንም አላጠፉም። ቁልፍ የተጫነ ሰው ሪሞቱን ወደ ዕቃው አነጣጥሮ ይቆይ የሚል ሥርዓት ነው ጥፋተኛው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ዕቃዎቹን እርስ በርስ ማነጋገር

የኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ 19 መስመሮች አሉ። 13ኛው ሲኢሲ ይባላል። ዕቃዎች በእሱ በኩል ይነጋገራሉ። አንዱ ሌላውን «በርተሃል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። መልሱ ከአራት አንዱ ነው፦ በርቻለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ እየበራሁ ነው፣ እየጠፋሁ ነው። ይህ ኢንፍራሬድ ጨርሶ የሌለው ችሎታ ነው። አምራቾቹ የየራሳቸውን ስም ሰጥተውታል፤ ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ ይለዋል።

አምፕሊፋየሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኝቼ ሲኢሲን ከፈትኩት። ሁለቱ ተግባቡ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ አምፕሊፋየሩ ተከትሎ በራ። ደስ አለኝ።

ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። ሪሲቨሩ ሲኢሲ ስለማያውቅ ከጨዋታው ውጪ ነው። ሌላም አለ። እትዬ ጠዋት ጠዋት በአምፕሊፋየሩ በኩል ከስልካቸው መዝሙር ይሰማሉ። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ አምፕሊፋየሩንም ይዞት ይተኛል። መዝሙሩ መሃል ላይ ይቋረጣል። በእነዚህ ሁለት ዕቃዎች ላይ «አብረህ ብራ፣ ግን አብረህ አትጥፋ» የሚል ምርጫ አላገኘሁም። ሲኢሲን ዘጋሁት።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ቁርጥ ትእዛዝ

ብዙ ዕቃዎች በሪሞታቸው ላይ ቁልፍ ያልተሠራላቸው ትእዛዞችም ይሰማሉ። ከእነዚህ መሃል ለማብሪያ ብቻ፣ ለማጥፊያ ብቻ የሚሆኑ አሉ። ቁርጥ ትእዛዝ እላቸዋለሁ። የሶኒ ቴሌቪዥኖችን ብንወስድ ገልባጩ 21 ቁጥር ነው፤ 46 ማብሪያ ብቻ፣ 47 ማጥፊያ ብቻ ነው። የበራውን ቴሌቪዥን አሥር ጊዜ «ብራ» ብትለው እንደበራ ይቆያል። ማስታወስ አያስፈልግም። መሳሳትም አይቻልም።

የዚህን ቤት ዕቃዎች ኮድ ፈለግሁ። ለአምፕሊፋየሩ አምራቹ ራሱ ሰንጠረዥ አውጥቷል፤ ሁለቱም አሉ። ለቴሌቪዥኑም ሁለቱንም አገኘሁ፤ ሞከርኳቸው፤ ሠሩ። ለሪሲቨሩ ግን ገልባጩ ብቻ ነው ያለው። ቁጥሮቹን በተራ እየላክሁ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈለግሁ። የለም።

ያም ሆኖ ከሦስቱ ሁለቱ ተፈቱ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። ዩኒቨርሳል ሪሞት ያለው ሰው ሁሉ ከምንም ነገር በፊት ይህን ይፈልግ። ገንዘብ አያስወጣም። የሪሞቱን ቁልፍ ከገልባጭ ወደ ቁርጥ መቀየር ብቻ ነው። ብዙ ቤት ሌላ ነገር ሳያስፈልገው እዚሁ ያበቃለታል።

ሳጥኗ

የእትዬን ነጠላ ጉዳይ ለመፍታት አንዲት ትንሽ ሳጥን ሠራሁ። ውስጧ ኢኤስፒ32 የሚባል ዋይፋይ ያለው ቦርድ፣ የኢንፍራሬድ መስሚያና ሦስት የኢንፍራሬድ አምፖሎች አሉ። በስልክ ቻርጀር ትሠራለች። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ ሶፋው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች።

አሁን ሪሞቱ ሦስት ትእዛዝ በተራ አይልክም። አንድ አጭር ምልክት ለሳጥኗ ይልካል፤ እሱም ጣት ከቁልፉ ሳይነሳ ያልቃል። የቀረውን ሳጥኗ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ትልካለች፤ የቴሌቪዥኑንና የአምፕሊፋየሩንም ሁለት ሁለት ጊዜ። ቁርጥ ትእዛዝ ስለሆነ መድገሙ ጉዳት የለውም። ከዚያ ወዲህ «ምንም አልነበረም» የሚል ስህተት ደብተሩ ላይ አልተጻፈም።

ሳጥኗ መስሚያ ስላላት አንድ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ሪሞቶች ሰምታ መዝገቧን ብታስተካክልስ? ሞከርኩት፤ አልሠራም። ሳጥኗ የሰማችውን ቴሌቪዥኑ ላይሰማ ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል። ይህ አንዱን ግምት በሌላ ግምት መተካት ነው። ሰረዝኩት።

ዋት መለካት

ዕቃውን መጠየቅ ካልተቻለ የሚበላውን መብራት ማየት ይቻላል። ዋት የሚለኩ ሦስት ስማርት ሶኬቶች ገዛሁ። ኢንተርኔት ሳያስፈልጋቸው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ እንዲያወሩ አድርጌ ጫንኳቸው። ይህን የመረጥኩት አውቄ ነው፤ ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ቴሌቪዥን አልከፍት የሚል ቤት መፍጠር አልፈለግሁም። ለሦስቱም አንድ ወሰን አስቀመጥኩ፦ ከ10 ዋት በላይ ከሆነ በርቷል።

ቴሌቪዥኑ ሲበራ 90 ዋት ገደማ ይስባል። ሲተኛ ከ1 ዋት በታች ነው። ግልጽ ልዩነት ነው። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ 15 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ስክሪኑ ጨልሞ ውስጡ ገና ሥራ ላይ ነው። ሳጥኗ ይህን አይታ «አልጠፋም» አለች። ወሰኑን ወደ 40 ዋት አሳደግሁት፤ ተስተካከለ።

አምፕሊፋየሩ ግን ሁልጊዜ «በርቷል» ሆነ። ነቅዬም ቢሆን «በርቷል»! አምፕሊፋየሩን ከትራንስፎርመሩ አውጥቼ ባዶውን ትራንስፎርመር ለካሁት፤ 16 ዋት። ለካ ምንም ሳይሰካበት እየሞቀ መብራት ይበላል። እጅ ሲጭኑበትም ይሰማል። አምፕሊፋየሩ ሲጠፋ ሶኬቱ 17 ያነባል፤ ሲበራ ከ55 በላይ። ወሰኑ 35 ሆነ።

የዚህን ሶኬት ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ዘጋሁት፤ እንዲለካ ብቻ። ትራንስፎርመር በሚሰካበት ቅጽበት ከፍተኛ ጅረት ይስባል። ያ ጅረት የትንሽ ሶኬትን መገናኛ ሊያጣብቀው ይችላል።

ሪሲቨሩ

ሪሲቨሩ በሁሉም አቅጣጫ አስቸጋሪ ሆነ። ሲበራ 8 ዋት ነው። ቀይ መብራት አሳይቶ «ሲተኛ» 6 ዋት። ሁለት ዋት ልዩነት! እንቅልፍ የሚባለው ስክሪኑን ከመዝጋት ያለፈ አይመስልም። ርካሽ ሶኬት በዚህ ትንሽ መጠን ላይ የሚያነበው አስተማማኝ አይደለም። አንዳንዴ የተኛውን 7፣ የበራውንም 7 ያነበዋል። ዋት መለካት እዚህ ላይ ወደቀ።

መፍትሔው የመጣው ከደብተሩ ነው። ልጅቷ ስለ ሪሲቨሩ ደጋግማ የጻፈችው አንድ ነገር ነበር፦ «መብራት ሲመጣ ራሱ በራ።» ሌሊት ጨለማ ውስጥ የምናየው ለዚህ ነው። ይህን ጠባይ እንደ ጥፋት ነበር የማየው። ከዚያ ገባኝ። መብራት ሲያገኝ ሁልጊዜ የሚበራ ዕቃ የራሱ ቁርጥ ትእዛዝ አለው ማለት ነው። መብራቱን መስጠት ማብራት ነው፤ መከልከል ማጥፋት ነው።

ስለዚህ የሪሲቨሩን ኢንፍራሬድ ትእዛዝ ጨርሶ ተውኩት። ስማርት ሶኬቱ መብራቱን ይሰጠዋል፣ ይነሳዋል። ያለበትን ሁኔታ ከሶኬቱ እናውቀዋለን፤ ግምት የለም። የሌሊቱ 6 ዋትም ቀረ።

ይህ ለማንኛውም ዕቃ አይሆንም። የኦሌድ ቴሌቪዥን ተኝቶ ሳለ ስክሪኑን የሚያስተካክልበት ሥራ አለው፤ መብራት ሊቋረጥበት አይገባም። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው አምፖሉን ማቀዝቀዝ አለበት። ሪሲቨሩንም ቢሆን ሶፍትዌር ሲያድስ መቁረጥ ሊያበላሸው ይችላል። ለቤተሰቡ ይህን ነግሬያቸዋለሁ።

መብራት ሲመጣ

ደብተሩ ላይ ከነበሩት 19 ስህተቶች ዘጠኙ የዚህ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ የቤቱን ብሬከር ራሴ አጠፋሁ፣ አበራሁ። እያንዳንዱን ዕቃ በርቶም ተኝቶም ሞከርኩት። ቴሌቪዥኑ ምንም ቢሆን ተኝቶ ይመለሳል። ሪሲቨሩ ምንም ቢሆን በርቶ ይመለሳል። አምፕሊፋየሩ ከመጥፋቱ በፊት በነበረበት ይመለሳል። ሦስት ዕቃ፣ ሦስት ጠባይ። ዩኒቨርሳል ሪሞቱ ደግሞ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት መሄዱን እንኳ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። የሪሲቨሩ ሶኬት መብራት ሲመጣ ጠፍቶ እንዲጀምር አደረግሁት፤ ብዙ ስማርት ሶኬቶች ይህን ምርጫ ይሰጣሉ። ሳጥኗ ስትነሳ ሶኬቶቹ እስኪመልሱላት ትጠብቃለች። አምፕሊፋየሩ ከ35 ዋት በላይ ከሆነ «ጥፋ» ትለዋለች። ቴሌቪዥኑንም እንዲሁ። ከዚያ ሦስቱም ጠፍተዋል፤ ይህንንም በእርግጥ እናውቃለን።

እየታየ ሳለ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥል ወይ ብዬ ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር። «የለም፣ ይረጋጋ። እኔ ራሴ አበራዋለሁ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። መብራት እንደመጣ መልሶ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ግን አንድ ከባድ ስህተት ሠርቼ ነበር። መብራት ሲመጣ የቤቱ ራውተር እስኪነሳ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በዚያ መሃል ሶኬቶቹ አይመልሱም። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ምላሽ ማጣትን እንደ ዜሮ ዋት ቆጠረው። ዜሮ ዋት ማለት «ጠፍቷል» ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በርቶ የተመለሰው አምፕሊፋየር «ጠፍቷል» ተብሎ ተመዘገበ፤ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ አደረ። ጠዋት እትዬ ሲነኩት ትኩስ ነበር። በጣም አዘንኩ፤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

አሁን ሳጥኗ ሦስት መልስ ነው የምታውቀው፦ በርቷል፣ ጠፍቷል፣ አላውቅም። «አላውቅም» ላይ ስትሆን ቢጫ መብራት ታበራለች፤ ሪሲቨሩንም አትነካም። ስታውቅ አረንጓዴ ይሆናል። ጋሼ ቢጫውን ሲያዩ ይጠብቃሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ራሳቸው ለዩት።

ለሌላ ቤት የሚሆን

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። እኔ ያለ ደብተሩ ቢሆን ቀጥታ አዲስ ሪሞት እገዛ ነበር፤ አዲሱም ያንኑ ይሳሳት ነበር።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁርጥ ትእዛዝ አለው ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ከሌለው መብራት ሲቋረጥበትና ሲመለስለት ምን እንደሚያደርግ ሞክሩ። ይህ ሙከራ አንድ ሰዓት አይፈጅም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከማንኛውም መመሪያ መጽሐፍ የበለጠ ይነግራችኋል።

ዋት የምትለኩ ከሆነ ወሰኑን ከሌላ ቤት አትቅዱ። ከሶኬቱ ጀርባ ስታቢላይዘር ወይም ትራንስፎርመር ካለ እሱን ብቻውን ለኩት። ቴሌቪዥን ካጠፋችሁ በኋላም ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ አንብቡ።

የድሮዎቹን ሪሞቶች ደግሞ ከሰው እጅ አትንጠቁ። ልጃቸው በስልክ «ቆልፍባቸው» ብሎኝ ነበር። አልተስማማሁም። ጋሼ የቴሌቪዥኑን የራሱን ሪሞት ይወዱታል፤ ድምፅ መጨመሪያውን በጣታቸው ያውቁታል። ሥርዓቱ ዕቃውን የሚያየው በዋት ከሆነ ማን በምን እንዳጠፋው ለውጥ አያመጣም። ዛሬ ሦስቱም ሪሞቶች መሳቢያው ውስጥ አሉ፤ ማንም ያነሳቸዋል።

አሁን ያለበት

ሥራው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ሄደ። ልጅቷ ደብተሩን ክረምቱንም ያዘችልኝ። መብራት በተደጋጋሚ በሄደበት በሐምሌ ወር የተጻፈው ሁለት ስህተት ነው። ሁለቱም የሪሲቨሩ ናቸው፤ ሁለቱም አልተፈቱም።

መብራቱ ሳይሄድ ሲዋዥቅ ሪሲቨሩ ቀጥ ይላል። ምስሉ ይቆማል፤ ሶኬቱ ግን መብራት እየሰጠ ነው። ሳጥኗ «በርቷል» ትላለች፤ እውነትም በርቷል። መብራት መሳቡንና መሥራቱን የምትለይበት መንገድ ገና አላገኘሁላትም። ሪሲቨሩ ሲነሳም 40 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያ መሃል ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ «ሲግናል የለም» ይላል፤ እትዬ አሁንም ይደነግጣሉ።

ለመጀመሪያው ልጅቷ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወረቀት ለጥፋለች፦ «ስታክ ካደረገ፦ አጥፉ፣ 10 ቁጠሩ፣ አብሩ።» ባለፈው ሳምንት ስሄድ ጋሼ «ስታክ ካደረገ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው ከላዩ «ቀጥ ካለ» ብለው አርመውታል። ዜናው እየተነበበ ነበር። እኔን ለማናገር ድምፁን ቀነሱት።